በሚጎተት ዝርዝር ላይ ኢንዴክስን ኪ አታድርጉ

በሪአክት ወይም በቪዩ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርኮች ናቸው) እየተጎተተ የሚደረደር ዝርዝር ስትሠሩ፣ ለኪ፣ ማለትም ለረድፉ መለያ፣ የረድፉን ኢንዴክስ (የተራ ቁጥር) አትስጡ። የዕቃውን የራሱን አይዲ፣ ቦታው ቢቀየርም የማይለወጠውን መለያ፣ ስጡት።

የዕቃ ማድረሻ ዝርዝር ስሠራ ነው የገባኝ። አያት፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ ብዬ ደረደርኩ። ሰንዳፋን ጎትቼ ከላይ ሳስቀምጠው ስሙ ወደ ላይ ወጣ፤ ረድፉ ላይ ባለው የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ የጻፍኩለት ማስታወሻ ግን ታች ቀርቶ የለገጣፎ ሆነ። ሾፌሩ ይህን ቢያይ የሰውን ዕቃ የት ይወስደው ነበር?

ፍሬምወርኩ ረድፉን የሚያውቀው በኪው ነው። ኢንዴክስ ከ0 ስለሚጀምር ሦስተኛው ቦታ ሁሌም 2 ከተባለ፣ የድሮውን ሳጥን እዚያው ትቶ ጽሑፉን ብቻ ይቀይራል። በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው ማዝ ራንደምም ለኪ አይሆንም፤ ኪው በየጊዜው ስለሚቀየር ረድፉ እንደ አዲስ ይሠራል፣ የተጻፈውም ይጠፋል።

ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ፣ መሃሉ ላይ የማይጨመርበትና የማይቀነስበት ዝርዝር ከሆነ ኢንዴክስ ችግር የለውም።