በዴሎኔ መረብ ከነጥብ ወደ ጎረቤት ነጥብ ሲኬድ የሚያሳስቱ ነገሮች

የዴሎኔ መረብ የተበተኑ ነጥቦችን በሦስት ማዕዘኖች የሚያገናኝ መረብ ነው፤ በእሱ ላይ ሲኬድ ከሚያሳስቱት ሁሉ የከፋው -1ን እንደ ተራ ቁጥር ማየት ነው። በሳይፓይ (የፓይተን የሂሳብ ቤተ መጻሕፍት) ዴሎኔ ውስጥ «ኔይበርስ» የሚባለው ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ሦስት ጎረቤቶች ይሰጣል፤ ከጎኑ ማዶ ምንም ከሌለ -1 ይጽፋል። በፓይተን ደግሞ -1 የዝርዝሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ አይቆምም፣ አያጉረመርምም፤ ከዳር ዘሎ ምንም የማይገናኘው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ይገባና ጉዞውን ይቀጥላል። ሥዕሉ ሲወጣ መሃሉ ልክ ነው፣ የተበላሸው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። ጀማሪው ታዲያ መረጃውን ይጠረጥራል፣ ጤነኛ ነጥቦችን ይሰርዛል። እባካችሁ ጎን ከመሻገራችሁ በፊት ቁጥሩ ከዜሮ ማነሱን ፈትሹ! አንድ ነጥብ በየትኛው ሦስት ማዕዘን ውስጥ እንዳለ የሚፈልገው «ፋይንድ ሲምፕሌክስ»ም ነጥቡ ከመረቡ ውጭ ሲሆን የሚመልሰው ይህንኑ -1 ነው።

በዚሁ «ኔይበርስ» ሰንጠረዥ የሦስት ማዕዘኑ 0ኛው ጎረቤት 0ኛውን ነጥብ የሚነካው አይደለም፤ ከነጥቡ ትይዩ ካለው ጎን ማዶ ያለው ነው።

የአንድን ነጥብ ጎረቤቶች ለማግኘት ሦስት ማዕዘኖቹን ሁሉ ማሰስ አያስፈልግም። «ቨርቴክስ ኔይበር ቨርቲሰስ» ሁለት ዝርዝሮች ይሰጣል፤ የመጀመሪያው የእያንዳንዱ ነጥብ ጎረቤቶች በሁለተኛው ውስጥ ከየት እስከ የት እንደሆኑ ይናገራል። በነጥቡ ዙሪያ በተራ ተደርድረዋል ብላችሁ ግን አትመኑ።

ተራው ካስፈለገ በነጥቡ ዙሪያ ከሦስት ማዕዘን ወደ ሦስት ማዕዘን መዞር ነው። እዚህ ብዙዎች የዳር ነጥብ ላይ ይወድቃሉ፦ ከመሃል ጀምረው ዳር ሲደርሱ ያቆማሉ፣ በሌላው በኩል የቀሩት ጎረቤቶች ይጠፋሉ። ዳር ስትደርሱ ወደ መነሻው ተመልሳችሁ በተቃራኒው ዙሩ። የውስጥ ነጥብ ጎረቤቶቹ በቁጥር በዙሪያው ካሉት ሦስት ማዕዘኖች ጋር እኩል ናቸው፤ የዳር ነጥብ ግን አንድ ይጨምራል። በሲጋል (የሲ++ የጂኦሜትሪ ቤተ መጻሕፍት) ዙሩ ሁልጊዜ ይዘጋል፤ ነገር ግን ዳር ላይ ወሰን የለሹ ምናባዊ ነጥብ አብሮ ይቆጠራልና አውጡት።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የጠርዞች (ነጥብን ከነጥብ የሚያገናኙት መስመሮች) ብዛት ከነጥቦቹ ሦስት እጥፍ ላይ 3 እና የዳር ነጥቦች ብዛት ተቀንሶ የሚቀረው ነው። 1000 ነጥብ፣ 20ው ዳር ላይ ከሆኑ 2977 ጠርዝ። ድርብ ነጥቦች ሂሳቡን ያዛባሉ፤ ሳይፓይ ከመረቡ ያስቀራቸውን «ኮፕላናር» ውስጥ ይመዘግባል።

ለአንድ ነጥብ ከሁሉ የሚቀርበው ሌላ ነጥብ ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ግን ቅርብ አይደለም፣ በተለይ ዳር ላይ።

ወደ ዒላማ ስትራመዱ፣ ዒላማውን ከማዶው የሚያስቀር ጎን እየመረጡ መሻገር በዴሎኔ መረብ ላይ መጨረሻ አለው። በሌላ ዓይነት መረብ ላይ ግን ክብ ሊዞር ስለሚችል የጎኖቹን ተራ በዕጣ ቀያይሩ። እንደ ዩቲኤም 37 (በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት) ባሉ ትልልቅ መጋጠሚያዎች ላይ ደግሞ አስቀድማችሁ ከእያንዳንዱ ነጥብ የነጥቦቹን መሃል ቀንሱ፤ አለዚያ ዒላማው ከጎኑ ግራ ነው ወይስ ቀኝ የሚለው ፈተና በቁጥር ማጠጋጋት ስህተት ይገለበጣል፣ እግረኛውም በሁለት ሦስት ማዕዘኖች መካከል ሲመላለስ ይቀራል።