የቡድኖችን አማካይ ከኤረር ባር ጋር በግራፍ እንዴት ማሳየት ይቻላል?

የቡድኖችን አማካይ የሚያሳይ ግራፍ አር እና ኤስፒኤስኤስ በተባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮችም ሆነ በኤክሴል ማውጣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ከአማካዩ በላይና በታች የሚዘረጋው ኤረር ባር ነው፤ አንባቢው ውጤቱ ምን ያህል እንደሚታመን የሚፈርደው እሱን አይቶ ነውና።

በቅድሚያ ዳታውን ይፈትሹ። በቁጥር ዓምድ ውስጥ አንድ ፊደል ከገባ ሶፍትዌሩ ዓምዱን በሙሉ እንደ ጽሑፍ ሊያነበው ይችላል፤ ያልተገኘ መልስ በ99 ወይም በ999 ተመዝግቦ ከሆነም እንደ እውነተኛ ልኬት ተቆጥሮ አማካዩን ያዛባል።

ቀጥሎ፣ አማካይ ከማስላትዎ በፊት፣ እያንዳንዱን ልኬት በነጥብ ይሣሉ። ይህን እርምጃ መዝለል የለመደ ሰው የስታቲስቲክስ ምሁሩ ፍራንሲስ አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረባቸውን አራት የቁጥር ስብስቦች ቢመለከት ይጠቅመዋል፤ በአር ውስጥ በስሙ ተሰይመው ስለሚገኙ ፍለጋ አያሻቸውም። እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው፤ የአንዱ ተለዋዋጭ አማካይ 9፣ የሌላው 7.5፣ ኮሪሌሽኑም (የሁለቱ ተለዋዋጮች የዝምድና መጠን) 0.82 ገደማ ሆኖ በአራቱም አንድ ነው። ሲሣሉ ግን አንደኛው በቀጥተኛ መስመር ዙሪያ ይበተናል፣ ሁለተኛው ይጎብጣል፣ ሦስተኛው በአንድ ባፈነገጠ ነጥብ ይጎተታል፣ አራተኛው ደግሞ ከአንድ ነጥብ በቀር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይደረደራል።

አሁን ወደ ኤረር ባሩ እንምጣ። ይህ መስመር ከሦስት ነገሮች አንዱን ሊያመለክት ይችላል። የ25 ልኬቶች አማካይ 50፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽናቸው (በአማካዩ ዙሪያ የመበታተናቸው መጠን) 10 ነው እንበል። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን የሚያሳይ መስመር ከ40 እስከ 60 ይዘረጋል። ስታንዳርድ ኤረሩ (አማካዩ እንደ ግምት ሊኖረው የሚችለው የስሕተት መጠን) 10 ለ25 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ5፣ ሲካፈል 2 ስለሚሆን፣ እሱን የሚያሳየው መስመር ከ48 እስከ 52 ብቻ ይሆናል። የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ደግሞ ከ45.9 እስከ 54.1 ነው። የልኬቶቹን መበታተን ለማሳየት የመጀመሪያውን፣ አማካዩ ምን ያህል በትክክል እንደተገመተ ለማሳየት የመጨረሻውን ይምረጡ። ስታንዳርድ ኤረርን ብቻውን ማሳየት አልመክርም፤ መስመሩ አጭር በመሆኑ አንባቢው ውጤቱን ከሚገባው በላይ እንዲያምነው ያደርጋል። የትኛውንም ቢመርጡ ከግራፉ ሥር ከልኬቶቹ ብዛት ጋር በግልጽ ይጻፉት።

ሶፍትዌሩ በራሱ የሚመርጠውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በኤክሴል የኤረር ባር ምርጫዎች ውስጥ ስታንዳርድ ኤረር የሚለውን ሲጫኑ ስሌቱ የሚሠራው በግራፉ ላይ ከተቀመጡት አማካዮች እንጂ ከጥሬ ልኬቶቹ አይደለም፤ መስመሮቹ ሁሉ እኩል ርዝመት መያዛቸው ይህን ያጋልጣል። መፍትሔው ለየቡድኑ ያሰሉትን ቁጥር በሌላ ዓምድ አስቀምጦ ከስተም በሚለው በኩል ማስገባት ነው። ጂጂፕሎት በተባለው የአር የግራፍ መሥሪያ ጥቅል ውስጥም ስታት ሳመሪ የተባለው ትእዛዝ ሌላ ካልተነገረው አማካዩን ከአንድ ስታንዳርድ ኤረር ጋር ይሥላል።

የሁለት ቡድኖች ኮንፊደንስ ኢንተርቫሎች ስለተደራረቡ ብቻ ልዩነት የለም ብሎ መደምደምም ትክክል አይደለም። ከላይ ካለው ቡድን አጠገብ አማካዩ 56 የሆነ፣ የልኬቶቹ ብዛትና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ እኩል የሆነ ሌላ ቡድን ብናስቀምጥ፣ የሁለተኛው መስመር ከ51.9 ስለሚጀምር ከፊተኛው ጋር ይደራረባል። ሆኖም የልዩነቱ የራሱ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ0.3 እስከ 11.7 በመሆኑ ዜሮን አይነካም። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ልዩነቱ ከሆነ ልዩነቱን ራሱን አስልተው ይሣሉት።

የቀረው ቀላል ነው። ዓምዳዊ ግራፍ ከሆነ ቋሚው መስመር ከዜሮ ይጀምር፤ መለኪያውም ይጻፍበት። አር ምድቦችን በፊደል ተራ ስለሚደረድር «ዝቅተኛ»ና «ከፍተኛ» ያለ ቦታቸው እንዳይገቡ ቅደም ተከተሉን ራስዎ ይወስኑ። ቁጥሮችን ማጠጋጋት ስሌቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ አር 2.5ን ወደ 2፣ 3.5ን ግን ወደ 4 እንደሚያጠጋጋም ይወቁ፤ እኩል መሐል ላይ ያለን ቁጥር ወደ ተጋማሹ ስለሚወስድ ነው። ግራፉን ለኅትመት በፒዲኤፍ፣ ካልተቻለም በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ምስል ያስቀምጡ፤ አንድ ልኬት ሲታረም ሁሉንም እንደ አዲስ ማውጣት እንዲቻል ትእዛዞቹን የያዘውን ስክሪፕት ከዳታው ጋር በአንድ ፎልደር ያኑሩ።