ይግባኝ ላይ አዲስ ክርክር እንዴት ይነሳል?

ቱሉ ዲምቱ ቤት ስሠራ ብሎኬት ያቀረበልኝ ሰውዬ ከ11 ዓመት በኋላ «ቀሪ ገንዘብ አለኝ» ብሎ ከሰሰኝ። ጠበቃ አልያዝኩም። መልሴም «ከፍያለሁ» ብቻ ነበር። ደረሰኝ የለኝ፤ ተፈረደብኝ። ይግባኝ ልል ስሯሯጥ ነው አንድ ጎረቤቴ «ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው አልፏል የሚል መከላከያ) አላነሳህም እንዴ?» ያለኝ።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። ፍርዱ ከተሰጠ 60 ቀን ነው ያላችሁ። «ጠበቃዬ አሳለፈብኝ» ማለት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ቀጥሎ መዝገቡን ሙሉ በሙሉ አስገልብጡ፤ ክሱን፣ መልሱን፣ የምስክሮችን ቃል፣ ፍርዱን። እኔ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ በስልክ ፎቶ አነሳሁት። ዋናው ገጽ ላይ የገዛ እጄ ጥላ አርፎበታል።

አሁን ከባዱ ሥራ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 329፣ በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ ፍሬ ነገር ይግባኝ ላይ እንዳይነሳ ይከለክላል። መዝገቡ ውስጥ ባለ ነገር ላይ ሌላ ሕግ መጥቀስ ግን ሌላ ነው። የቤት ሽያጭ ውል ተያይዟል እንበል። «ሁለት ምስክር አልፈረመበትም፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 አይጸናም» ብትሉ ወረቀቱ እዚያው አለ፤ ያከራክራል። «የፈረምኩት ተገድጄ ነው» ካላችሁ ግን አዲስ ወሬ ነው። ስለዚህ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ ክርክራችሁን፣ በቀኝ ፍሬ ነገሩ ያለበትን ገጽ ጻፉ። ገጽ የሌለውን ሰርዙት፣ ቢያምራችሁም።

ይርጋ ግን ያታልላል። ቀኑ መዝገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ የሕግ ክርክር ብቻ ይመስላል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 ግን ዳኛው ራሱ አንስቶ እንዳይወስንበት ያዛል። ተከሳሹ በጊዜው በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት፣ ማለትም ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ፣ ካላነሳው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት እንደተወው ይቆጠራል። እኔ ይህን ሳላውቅ «ይርጋ»ን በትልልቅ ፊደል አናት ላይ አስጻፍኩት። መልስ ሰጪው (ከሳሼ) እንኳ ሳይጠራ መዝገቡ ተዘጋ። የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ ያንን ዓይነት ጉዳይ የማየት ሥልጣን፣ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በየትኛውም ደረጃ ይነሳ ነበር።

አዲስ ማስረጃ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 345 በሩን የሚከፍተው ሥር ፍርድ ቤት መቀበል ሲገባው ከከለከላችሁ፣ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ከፈለገው ነው። የጠፋ ደረሰኝ አሁን ተገኘ ብላችሁ ብዙ አትደሰቱ።

ከዚያ አስጽፉ። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ጸሐፊዎች እጃቸው ፈጣን ነው፤ ግን «ይህንንም ጨምርበት» ሲሉ እሺ አትበሉ። በሌላ በኩል ከማመልከቻው የቀረ የቅሬታ ነጥብ በኋላ የሚሰማው ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ለሁለት ከከፈላችሁት ወረቀት ጋር አስተያዩት።

ይግባኝ ማለት በራሱ አፈጻጸም አያስቆምም። የእግድ ጥያቄውን ያኔውኑ አብራችሁ አስገቡ። እኔ አላስገባሁም፤ የአፈጻጸም መጥሪያው የይግባኝ ቀጠሮዬን ቀድሞ ደጄ ደረሰ።