ወደ ውጭ ከመሄዳችሁ በፊት ደሴንና ዙሪያዋን በእግር እንዴት እንደምትሰናበቱ

ቪዛ ከተመታ በኋላ ያለው ጊዜ የባለቤቱ አይደለም። አንዱ ቀን ለሰነድ ማስተርጎሚያ፣ አንዱ ለሻንጣ፣ የቀረው ሁሉ «ሳትሄድ አንድ ስኒ ቡና» ለሚሉ ዘመዶች ይሆናል። ወሎ ውስጥ ደግሞ አንድ ስኒ የሚባል ነገር የለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ፣ ተመርቆ ነው የሚወጣው። በዚህ መካከል ዕድሜ ልካችሁን ከመስኮት ያያችሁት የጦሳ ተራራ ሳትወጡት ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ቀድማችሁ ዕቅድ አውጡ።

1. ጠዋቱን ለራሳችሁ ያዙ

ሙሉ ቀን አገኛለሁ ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ዘመድ የሚጠራው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱን ያዙ። መስከረምና ጥቅምት ለዚህ ምርጥ ናቸው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው። በረራችሁ በክረምት ከሆነ ጉሙ ተራራውን ሲሸፍነው እንደሚውል አውቃችሁ ሰማዩ በጠራ ቀን ሁሉ ፈጥናችሁ ውጡ። ከከተማ ርቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠይቁ፤ የዕለቱን ሁኔታ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

2. ስም ጠይቁ

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው። ብዙዎቻችን «ያ ተራራ»፣ «ያ ገደል» እያልን ነው ያደግነው። አንድ ጠዋት ከአያታችሁ ወይም ከአንድ የሰፈር ሽማግሌ ጋር ደጅ ቁሙና ከፊት ለፊት የሚታየውን ጉብታ፣ ሸለቆና ጅረት ሁሉ በየስሙ አስጠሩ፤ ጻፉትም። ብዙው ካርታ ላይ አይገኝም።

ዛፉንም እንዲሁ። ወይራውን ከጥዱ፣ ኮሶውን ከዝግባው ለዩ። ባሕር ዛፍ ግን እንግዳ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ። ሜልበርን ወይም ካሊፎርኒያ የምትሄዱ ከሆነ እዚያም ታገኙታላችሁ፤ ከዝናብ በኋላ የሚሸተው ሽታ ደሴ ያላችሁ ያስመስላችኋል። ለንደን ለሚሄድ ሰው ይህ ዕድል የጠበበ ነው።

3. ጦሳን ውጡ

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሡ። ደሴ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ጠዋቱ ይበርዳል፤ ከረፋድ በኋላ ግን ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ ሹራብም ባርኔጣም ያዙ፤ ውሃ አትርሱ። መንደር ስትደርሱ ውሻ ቢጮህባችሁ አትሩጡ፤ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ ባለቤቱን ጥሩ። እረኛ ካገኛችሁ ሰላምታ ሳትሰጡ አትለፉ፤ አቋራጩን የሚያውቀው እርሱ ነው።

አናቱ ላይ ስትደርሱ ስልኩን ለጥቂት ጊዜ ኪስ ውስጥ ተዉትና ከተማዋን በዓይናችሁ እየለቀማችሁ ፈልጉ። ፒያሳ የት ነው? ሸዋ በርስ? የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍ፣ በየት በኩል ነው? የተማራችሁበት ትምህርት ቤት ጣሪያ የትኛው ነው? ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ስለሚመስል እንደምታስቡት ቀላል አይደለም፤ ግን ይገኛል።

4. ቁልቁል ውረዱ

ወሎን ወሎ ያደረገው ከፍታና ዝቅታው ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላችኋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ ሹራቡን የምታወልቁት እዚያ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመንገዱ ዳር ማሽላና ግራር እየበዛ ይሄዳል። ሰኞን ምረጡ፤ የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል። ፎቶ ለማንሣት መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ደሴ ተወልዶ ባቲን በዘፈን ብቻ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ከእነርሱ አንዱ አትሁኑ።

5. ሐይቅ ዳር ዋሉ

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው ዓሣ ጥብሱን በልቶ ይመለሳል፤ በጥብሱ ላይ ክርክር የለኝም። ከበላችሁ በኋላ ግን ዳሩን ይዛችሁ ተራመዱ። ከፍ ብሎ ሐርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ ውሃው በአንካርካ ወንዝ በኩል ወርዶ ሐይቅን ይመግባል። ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ እኅትማማቾች አብራችሁ ከመጣችሁ ይህን ቀድማችሁ ዕወቁ።

6. ከፎቶ ይልቅ ድምፅ ቅዱ

ፎቶ ሁሉም አለው። የጠዋቱን አዛን፣ የቅዳሴውን ዜማ፣ የዝናቡን የቆርቆሮ ድምፅ አምስት አምስት ደቂቃ ቅዱ። ለንደን ውስጥ በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ረጅሙን ምሽት የሚያጫውት ነገር ይዛችሁ ሂዱ።

7. ጫማችሁን እጠቡ

አፈር፣ ዘርና ትኩስ ቅጠል ለማስታወሻ ብላችሁ አትያዙ፤ ብዙ አገሮች ሲገባ ይወስዱታል፣ ያልተናገረውንም የሚቀጡ አሉ። ተራራ የወጣችሁበትን ጫማ በብሩሽ ፈትጋችሁ የሶሉን ጭቃ ሙሉ በሙሉ አስለቅቁ። ይህን ከበረራው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ አድርጉት፤ በደሴ ጉም ጫማ በአንድ ሌሊት አይደርቅም።