«ይገባኛል» ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

«ኢንታይትልመንት» የሚባለው ቃል የሥራ ውል ውስጥ አለ፣ የጡረታ ሕግ ውስጥ አለ፣ ኢኮኖሚስቶች ስለ ረሃብ ሲጽፉ ይጠቀሙበታል፤ በጭቅጭቅ መሃል ደግሞ ስድብ ሆኖ ይወረወራል። እኛም እንደየቦታው መብት፣ የሚገባ ጥቅም፣ የይገባኛል ጥያቄ እንለዋለን። ሕግ፣ ውል ወይም ደንብ ያስቀመጠውን መስፈርት ያሟላ ሰው የማንንም ቸርነት ሳይጠብቅ የሚያገኘው ነገር ማለት ነው። ይህን የሳተ ሰው ወይ የራሱን ትቶ ይሄዳል፣ ወይ ያልሆነውን ሲጠይቅ ይውላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት መብትን እንደ ችሮታ መለመን ነው። የዓመት እረፍት ማመልከቻ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ «ችግሬን ተመልክታችሁ በመልካም ፈቃዳችሁ» ይልና እናት ታማለች፣ ቤት ፈርሷል እየተባለ ምክንያት ይደረደራል። የተጠራቀመ እረፍት ምክንያት አያሻውም። «ያልተጠቀምኩበት የ12 ቀን የዓመት እረፍት ስላለኝ ከሰኞ ጀምሮ እንድወስድ እንዲመቻችልኝ እጠይቃለሁ» ይበቃል፤ ትህትናውም አልጎደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1970 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 132፣ ባጸደቁት አገሮች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከሦስት የሥራ ሳምንት ያላነሰ ክፍያ ያለው እረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህን ዝቅተኛ መጠን በገንዘብ ለውጦ ለመተው የሚደረግ ስምምነትንም አይቀበልም፤ ሠራተኛው ራሱ ቢስማማ እንኳ። በዚያው ስምምነት ግን እረፍቱ መቼ ይሁን የሚለውን፣ በደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ካልተወሰነ፣ አሠሪው ሠራተኛውን አማክሮ ነው የሚወስነው። ስለዚህ «መብቴ ነው» ብሎ ቀኑን ለብቻው ቆርጦ የሚጠፋውም ያው ተሳስቷል።

ችግርን ወይም ልፋትን እንደ ማስረጃ ማቅረብም አለ። «ይህን ያህል ለፍቼ እንዴት ቦነስ አይገባኝም?» ውሉ ቦነስን ለአሠሪው ውሳኔ ከተወው ልፋቱ ምስጋና ይገባው ይሆናል፤ የክፍያ መብት ግን አይወልድም። መጠየቅ ይቻላል፣ መደራደርም ይቻላል። ያ ግን ሌላ ንግግር ነው፣ ሌላ ድምፅም ይፈልጋል።

ባለዕዳውን ሳይለዩ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ የሚያደክመው ነው። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ዌስሊ ሆፌልድ በ1913 እንዳሳየው፣ በጥብቅ ትርጉሙ አንድ ሰው መብት አለው ስንል ግዴታ ያለበት ሌላ ሰው አለ ማለታችን ነው። ግዴታ የሌለበትን ክፍል ደጅ መጥናት ጊዜ ማቃጠል ብቻ ነው። የኢንሹራንስ ካሳን ከሻጩ፣ የሻጩን ዋስትና ከኢንሹራንሱ የሚጠይቅ ሰው ሁለቱም ጋ «እኛን አይመለከትም» ተብሎ ይመለሳል፤ ሁለቱም አልዋሹም።

አሁን ብዙ የተማረ ሰው የሚሳሳትበት ላይ እንምጣ። ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን በ1981 ረሃብን «ኢንታይትልመንት» በሚለው ቃል ሲያብራራ፣ አንዳንዱ አንባቢ «ሰው ሁሉ ምግብ ይገባዋል» እያለ የሚሰብክ ይመስለዋል። ሴን እዚህ ላይ የሚናገረው ሌላ ነው። የሚጠይቀው፣ አንድ ሰው ባለው ንብረት፣ በጉልበቱ፣ በንግድ ወይም በሚሰጠው ድጎማ፣ ሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ምን ያህል ምግብ እጁ ማስገባት ይችላል የሚለውን ነው። በ1943 በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ በቤንጋል ግዛት ብዙ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ፣ በእሱ ስሌት የነበረው እህል ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 በ13 በመቶ ይበልጥ ነበር። ስሌቱን የሚሞግቱ አሉ፤ ነጥቡ ግን ግልጽ ነው። የሩዝ ዋጋ ሲተኮስ የገጠሩ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ አልተከተለውም። እህሉ በመጋዘን እያለ፣ ማንም ሕግ ሳይጥስ፣ ሰው ይሞታል። ቃሉን እንደ ስብከት ያነበበ ሰው ይህን አስደንጋጭ ነገር ሳያየው ያልፋል።

«ከፍዬበታለሁ፣ ማንም አይነካብኝም» ማለትስ? በአሜሪካ በ1935 የተመሠረተው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የዚህ ዓይነት ጥቅም ዋና ምሳሌ ነው፤ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ይከፈላል። ከቡልጋሪያ በ1913 የመጣው ኤፍራም ኔስተር ለዓመታት ግብር ከፍሎ በ1955 ለጡረታ ደረሰ። በ1930ዎቹ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር ተብሎ በ1956 ከአገር ሲባረር ጡረታው ተቆረጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1960፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ጥቅሙ የተጠራቀመ የግል ንብረት አይደለም፣ ሕግ አውጪው ሊያሻሽለው ይችላል አለ። ጨካኝ ውሳኔ ነው ብል ብቻዬን አልሆንም። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ያው ፍርድ ቤት በጎልድበርግና በኬሊ ጉዳይ፣ የድህነት ድጎማ ከመቋረጡ በፊት ተጠቃሚው ቀርቦ ሊሰማ ይገባል ብሎ ወሰነ። ሕጉ ራሱ ሊለወጥ ይችላል፤ ሕጉ ባለበት ግን አንድ ሹም ተነስቶ ሳይሰማ ሊቆርጥ አይችልም። ሁለቱን ማምታታት አያስፈልግም።

ቃሉ ስድብ ሆኖ ሲወረወር («ይገባኛል ባይ» እንደማለት)፣ መስፈርት ሳያሟላ ከሌላው የተለየ ነገር የሚጠብቅ፣ ሰልፍ ጥሶ «እኔን አታውቁኝም?» የሚል ሰው አለ፤ ስሙ ያንሰዋል። ችግሩ ይኸው ስም ውሉን ይዞ ለመጣ ሰውም መለጠፉ ነው። እንደታዘብኩት ቶሎ የሚለጥፈው ደግሞ ራሱ ባለዕዳው ነው። ጠያቂው አንቀጹን ካሳየ አነጋገሩ ቢከርር እንኳ ጥያቄው ጥያቄ ነው።

የቀረው ይርጋ ነው። የማያጠራጥር መብት ቀኑ አልፎበት ይቀራል። ውሳኔውን በቃል የነገራችሁን ኃላፊ «በጽሑፍ ይሰጠኝ» በሉት፣ ደብዳቤው የደረሳችሁበትን ቀን ከነፊርማው ያዙ፣ የቅሬታ ማቅረቢያውን ቀነ ገደብም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከታች፣ ከማኅተሙ አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል ነው።