የደም ካንሰር ህዋስን በኢንዛይም ቀለም ስንፈልግ የምንሳሳታቸው ስህተቶች

ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ህዋሳትን በሌዘር የሚለይ መሣሪያ) በሌለበት ላቦራቶሪ፣ ብላስት የምንላቸውን ያልበሰሉ ህዋሳት ዓይነት ለመለየት ዛሬም የምንደገፈው በኢንዛይም ቀለም ነው። ቀለሙ የሚወጣው ኢንዛይሙ ሲሠራ ብቻ ነው። ከመርፌው እስከ ማይክሮስኮፑ ባለው መንገድ ኢንዛይሙ ከሞተብን፣ የታመመው ህዋስ ባዶ መስሎ ይታየናል።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከቱቦው ይጀምራል። ለሲቢሲ (ለደም ህዋሳት ቆጠራ) በተቀዳው ባለሐምራዊ ክዳን ቱቦ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለውን የኒውትሮፊል (የአንድ ዓይነት ነጭ የደም ህዋስ) ኢንዛይምም መመርመር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ደም እንዳይረጋ በቱቦው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ግን ኢንዛይሙ የሚሠራባቸውን ማግኒዚየምና ዚንክ ይነጥቀዋል። 100 ኒውትሮፊል ቆጥረን፣ ለእያንዳንዱ እንደ ቀለሙ መጠን ከ0 እስከ 4 ሰጥተን የምንደምረው ነጥብ ያኔ ይወርዳል። የወረደ ነጥብ ደግሞ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለውን የደም ካንሰር ያስጠረጥራል። ነጭ የደም ህዋሱ በኢንፌክሽን ብቻ የበዛበት ታካሚ በእኛ ቱቦ ምክንያት በካንሰር ሲጠረጠር አስቡት! በሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ ሌላ ንጥረ ነገር) የተቀዳ ወይም ከጣት የተወሰደ ደም ሳይቆይ ስላይድ ላይ ይዘርጋ።

ቀጥሎ ሪኤጀንቱ (የማቅለሚያው ኬሚካል) ነው። ማይሎፐርኦክሲዴዝ የተባለውን ሌላ የህዋስ ኢንዛይም ለማቅለም የምንጨምረው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተከፍቶ ሲቆይ ኃይሉን ያጣል። አንድ ቀን የአንድ ታካሚ ብላስቶች በሙሉ ቀለም ሳይዙ ቀሩ። «ኔጋቲቭ» ብዬ ልጽፍ ስል፣ አጠገባቸው ያሉት የበሰሉ ኒውትሮፊሎችም ቡናማ እንዳልሆኑ አየሁ። አዲስ ጠርሙስ ከፍቼ ስደግመው ብላስቶቹም ቡናማ ፍሬ ፍሬ አወጡ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ኒውትሮፊሉን ነው። ሆኖም ከ2000 እስከ 4000 ሰው አንዱ ይህ ኢንዛይም በተፈጥሮው ስለሚጎድለው፣ የጤነኛ ሰው ስላይድም አብሮ ይቀለም። ቀለም የሚጠብቅ ስላይድ ብርሃን ላይ አይቀመጥ።

ጥቂት ቆጥሮ መነሣትም አለ። ብላስቱ 1 በመቶ ከሆነ፣ 100 ህዋስ ብቻ የሚቆጥር ሰው ከ100 ጊዜ 37ቱን አንድም ብላስት ሳያይ ይነሣል። 500 ሲቆጥር ይህ ዕድል ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ትልልቅ ህዋሳት ወደ ስሚሩ (ስላይድ ላይ ወደተዘረጋው ደም) ጠርዝና ጭራ ስለሚገፉ እዚያም ይታይ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የንባቡ ስህተት ነው። በማይሎፐርኦክሲዴዝ ብላስቶቹን ማይሎይድ (ኒውትሮፊልን የመሰሉ ህዋሳት የሚወጡበት ወገን) ለማለት ከብላስቶቹ ቢያንስ 3 በመቶው መቀለም አለባቸው፤ የበሰሉ ኒውትሮፊሎች በዚህ ቆጠራ አይገቡም። ከ3 በመቶ በታች ሲሆን «ሊምፎብላስት (የሊምፎሳይት ወገን ብላስት) ነው» ብሎ መዝጋት ግን አይቻልም፤ ማይሎይድ የሆኑት ሞኖብላስት (የሞኖሳይት ብላስት) እና ሜጋካርዮብላስት (የፕላትሌት ወገን ብላስት) ም ብዙውን ጊዜ አይቀለሙም።

በአንጻሩ፣ ኑክሊየሱ ለሁለት የተከፈለ፣ በተለመደው የራይት ቀለም በውስጡ ያለው ፍሬ ፍሬ የማይታይ፣ ሞኖሳይት የሚመስል ህዋስ ስታዩ ማይሎፐርኦክሲዴዝ ሳትሠሩ አትለፉ። ህዋሱ ዳር እስከ ዳር በጥቁር ቡናማ ከተሞላ አኪዩት ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ደም በማፍሰስ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ መድኃኒቱ አትራ ደግሞ በጥርጣሬ ብቻ፣ የጄኔቲክ ምርመራው ሳይጠበቅ ይጀመራል። ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አታስቀምጡ፤ ለሐኪሙ ወዲያው ደውሉ።