«ቤተሰብ ነው እኮ» እያልን ልጆችን ስናሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የሀበሻ ምግብ ቤቶችንና ሱቆችን ሂሳብ እሠራለሁ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ስልኬ አያርፍም። «ልጄ ከእኔ ጋር ይሥራ?» «የእህቴ ልጅ ካሸር ትሁንልኝ?» ልጅ ሥራ ሲለምድ ደስ ይለኛል፤ እንዲሠሩም እፈልጋለሁ። ግን በየዓመቱ ያው ስህተት እየተደጋገመ አስቸገረኝና ልጻፈው አልኩ።

«የእህቴ ልጅ ነው»

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የፌደራሉ ሕግ ለወላጅ የተወው ነገር አለ፣ እውነት ነው። ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ የእናት ወይም የአባት ከሆነ፣ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጃቸውን የሰዓት ገደቡ ሳይይዛቸው ማሠራት ይችላሉ። ሰው ግን ይሄን ይሰማና ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ይዘረጋዋል። አጎት ወላጅ አይደለም። አክስትም አይደለችም። የክርስትና እናትም አይደለችም። ልጁን እንደ ወላጅ ሆኖ የሚያሳድግ ካልሆነ በቀር፣ ለሕጉ ከመንገድ ከተቀጠረ ልጅ አይለይም። የገዛ ልጃችሁም ቢሆን፣ ቤቱን ከሸሪክ ጋር ከከፈታችሁት ያ ነገር አይሠራላችሁም።

ክፍያው ደግሞ የባሰ ነው። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ አክስቷ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ 8 ሰዓት ትሠራለች። ማታ 40 ዶላር ትሰጣታለች፣ አንዳንዴም «እራት በልተሽ ሂጂ» ብቻ ነው። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2024 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ 85 በመቶውን መክፈል ይፈቀዳል፣ ያም 12 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። በዚህ በዝቅተኛው እንኳ ብናሰላው የቅዳሜዋ 102 ዶላር ነው። ልጅቷን «ስንት ሰዓት እንደሠራሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ስልኳን አወጣች። የገባችበትን፣ የወጣችበትን፣ ሁሉንም ከነደቂቃው ጽፋዋለች። «ለአክስቴ እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ። አክስቷን አውቃታለሁ፣ ደግ ሴት ናት። ልጅቷንም ትወዳታለች። እንደዚህ የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ይሄን ያህል አልናደድም ነበር።

«ልጄ ሲቲዝን ነው፣ ምን ወርክ ፐርሚት ያስፈልገዋል?»

ይሄን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ወርክ ፐርሚት ሲባል እኛ ጆሮ ላይ የሚመጣው የኢሚግሬሽኑ ካርድ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። እዚህ የተወለደ ልጅም ያወጣዋል። ሜሪላንድና ዲሲ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሠራተኛ ሁሉ ይጠይቃሉ። ቨርጂኒያ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆችን ብቻ። የሜሪላንዱ ኦንላይን ይሞላል፤ ልጁ፣ ወላጁና አሠሪው ይፈርሙበታል። መውጣት ያለበት ከመጀመሪያው ሽፍት በፊት ነው። ልጁ ሥራ ከቀየረ ደግሞ አዲስ ያወጣል፣ የድሮው አይሠራም።

የስጋ መፍጫው

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። የክትፎ ትዕዛዝ ተደራርቧል፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ መላወሻ የለም። ለደረሰኝ ነበር የገባሁት። አንድ የ17 ዓመት ልጅ እጅጌውን ጠቅልሎ የመፍጫውን አፍ ፈቶታል፤ ጣቱን ውስጥ ከትቶ ምላጩ ላይ የተጠመጠመውን ጅማት ይጎትታል። ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው። ሮጬ ነቀልኩት። ባለቤቱ «አይዞሽ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ያውቅበታል» አለኝ። እኔ ግን እስከ ማታ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስጋ መፍጫም ሆነ መቁረጫ አይነካም። ማሠራት ብቻ አይደለም፣ ማጠብም አይችልም። ትልቁን የሊጥ ማቡኪያ ማሽንም እንዲሁ፤ እንጀራ ጋጋሪዎች ይሄን ልብ በሉ። እዚህ ላይ «የራሴ ልጅ ነው» ማለትም አያድንም። ለወላጅ የተተወው ነገር አደገኛ ሥራን አይጨምርም። ቅጣቱ በአንድ ጥሰት እስከ 16 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ለእኔ ግን ዋናው የልጁ ጣት ነው።

ሰዓቱ

እዚህ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። ለ14 እና ለ15 ዓመት ልጅ፣ ትምህርት ባለበት ቀን 3 ሰዓት፣ ትምህርት ባለበት ሳምንት 18 ሰዓት ነው። ዓርብም የትምህርት ቀን ነው፣ «ነገ ትምህርት የለም» አይሠራም። ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 7 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር። ከጁን 1 እስከ ሌበር ዴይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) ግን እስከ ማታ 9 ሰዓት ይፈቀዳል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት «ሌበር ዴይ እስኪደርስ ክረምት ነው» ብዬ ለአንዲት የ15 ዓመት ልጅ በኦገስት መጨረሻ 30 ሰዓት ሞላሁላት። ትምህርት ቤቷ ግን ተከፍቶ ነበር! ፌርፋክስ ካውንቲ ኦገስት ላይ ይከፍታል። የማታው ሰዓት ቀኑን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ የሰዓቱ ብዛት ግን የትምህርት ቤቱን ካሌንደር። ያቺ ልጅ ያን ሳምንት ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ እንደነበር የነገረችኝ እናቷ ናት። እስካሁን ይቆጨኛል።

እንቁጣጣሽም ከሌበር ዴይ በኋላ ነው የሚውለው። ቤቱ ቢሞላም 16 ያልሞላው ልጅ በ7 ሰዓት ይውጣ።

ሜሪላንድ ውስጥ «እኛ ጋ 4 ሰዓት ይፈቀዳል» የሚሉኝ አሉ። የስቴቱ እንደዚያ ይላል፣ በሳምንትም 23 ሰዓት። ሁለት ሕግ ሲኖር ግን የሚሠራው ጠበቅ ያለው ነው፣ የፌደራሉ 3 እና 18።

16 እና 17 ዓመት ላይ ቨርጂኒያ የሰዓት ገደብ የላትም። ሜሪላንድ ግን ትምህርትና ሥራ ተደምሮ በቀን ከ12 ሰዓት አይለፍ ትላለች። በየ24 ሰዓቱም 8 ተከታታይ ሰዓት ከትምህርትም ከሥራም ነፃ መሆን አለበት። በተከታታይ ከ5 ሰዓት በላይ የሚሠራ ከሆነ የግማሽ ሰዓት እረፍት ይሰጠው። ቨርጂኒያም ከ16 በታች ላሉት ይሄንኑ እረፍት ትጠይቃለች።

ዴሊቨሪ

የ16 ዓመት ልጅ መንጃ ፈቃድ ቢኖረውም ለሥራ መኪና አይነዳም፤ የ17 ዓመቱም ትኩስ ምግብ በመኪና አያደርስም። አለቀ።

«ካሽ ነው የምከፍለው፣ ምንም አይመጣም»

ካሽ መክፈል በራሱ ወንጀል አይደለም። ሳይመዘግቡ መክፈል ነው ችግሩ። አሠሪው የሰዓት መዝገብ ከሌለው፣ ሠራተኛው ራሱ የያዘው ማስታወሻ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ያቺ ልጅ ስልኳ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቅዳሜ፣ ከነደቂቃው።